ውሻው የማን ነው?

ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ ስወድ፣ ስሰበስብ፣ ከሞት ሳስጥል የኖርሁ ሰው ነኝ። ሚስቴ፣ ነፍስ ይማርና፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እሱ ሁለት ጊዜ ነው ያገባው፤ እኔ ከውሾቹ በኋላ የመጣሁ ነኝ» እያለች ታስቅብኝ ነበር። አሁንም ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ አራቱ ተጋድመዋል። አንዱ ባለ ሦስት እግር ነው። አንዷን ቡሬ ገበያ ከጭነት መኪና ሥር ጎትቼ ነው ያወጣኋት፤ ለውለታዬ እጄን ነክሳኛለች። ቀሪዎቹ ሁለቱ ራሳቸው መጥተው የቀሩ ናቸው፤ ቤቴን ማን እንዳሳያቸው አላውቅም።

መንገደኛ ባጥሩ በኩል ሲያልፍ «ኧረ እነዚህ ውሾች የማን ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ከጓዳ ብሆን እንኳ «የኔ ናቸው! የኔ!» ብዬ እጮኻለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቃሉ። ሽማግሌውን ነካ አድርጎታል ይላሉ። ይበሉ! ለምን እንደምጮህ ብነግራቸው ሳቁን ይተውት ይሆናል፤ ላይተውትም ይችላሉ።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ እኔ የምወደው በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታቀፈውን ውሻ አይደለም። ሥራ ያለውን ውሻ ነው። በረት ደጃፍ ተኝቶ ጅብ የሚመልሰውን፣ ከከብት ኋላ የሚሄደውን፣ ከበቆሎ ማሳ ዝንጀሮ የሚያባርረውን። ደመወዙ ፍርፋሪ፣ ሹመቱ እርግጫ ነው። እኔም የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበርሁ በደንብ እንግባባለን።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ደብር የሚቀድሱ፣ ለሰው ገር፣ ለራሳቸው ግን ምሕረት የማያውቁ ሰው። ቤታችን ውሻ ነበር፤ ግን ከደጅ አያልፍም። ውሻ የነካቸው እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። ሌላው ቄስ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ይገባል። አባቴ ግን የሚቀጥለው ቅዳሴ እስኪያልፍ ድረስ ራሳቸውን ይከለክሉና ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። እኔ ድቁና ስማር ከቡችላ ጋር ስንከባለል ቢያገኙኝ አይመቱኝም፣ አይቆጡኝም። «እንግዲህ ዛሬ አንተ ከውጭ ነህ» ይሉኛል፣ ይኸው ነው። በዚህ አኳኋን ድቁናዬን ከሞላ ጎደል ከውጭ ሆኜ ነው የጨረስሁት። ኋላ አስኳላ ገባሁና ድቁናውን ተውሁት። ውሻውን ግን አልተውሁም፤ አባቴ እንዳያዩብኝ ብቻ እጠነቀቅ ነበር።

ሥራ የያዝሁት ፍኖተ ሰላም፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር፤ የሞተ ሰው መውቀስ አልወድም። ዘመኑ ጃንሆይ ዙፋን ላይ የነበሩበት፣ ማኅተም ከሰው በላይ የሚፈራበት ነው። አለቃዬ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነበር። ያን ጊዜ «እርሳቸው» ነበር የምለው፣ ከኋላውም ሳይቀር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «እሱ» ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከደብረ ማርቆስ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው የአውራጃውን የእርሻ ትርኢት ይጎበኛሉ የሚል ወሬ ደረሰ። አለቃዬ እንቅልፍ አጣ። በሬ ይምጣ፣ በቅሎ ይምጣ፣ ማር ይምጣ፣ የእንቁላል ዶሮ ይምጣ አለ። እኔም ነገር አማረኝና «ጌታዬ፣ የሥራ ውሾችም ቢቀርቡስ?» አልሁ። አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ትቶት የሄደ መጽሔት ነበረኝ። ውስጡ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከውሻው ጎን ቆሞ፣ ውሻው አንገቱ ላይ ሪባን አስሮ፣ ሁለቱም ኮርተው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ያችን ገጽ ሳይ ኖሬያለሁ። ያ ሰውዬ መሆን እፈልግ ነበር፤ ባርኔጣው እንኳ ቢቀር።

«ውሻ? ለትርኢት? ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ አለቃዬ።

«በፈረንጅ አገር ያሳያሉ ጌታዬ።»

«እ፣ በፈረንጅ አገር...» አለና መጽሔቱን ገለበጠው። «ታዲያ ይህን ቀድሞ መናገር ነው እንጂ! ጻፍ።»

ጻፍሁ። የሥራ ውሻ ያለው ባለቤት ሁሉ ውሻውን አስመዝግቦ ያቅርብ፤ የተመዘገበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሠርለታል። ቀለሙ ሳይደርቅ አለቃዬ ሁለተኛ ደብዳቤ አስጻፈኝ። እንግዳው በሚመጡ ጊዜ ከተማው ንጹሕ እንዲሆን፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሥጋ ይወገዱ የሚል። «ጌታዬ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎች አይጋጩም?» አልሁ።

«ምን ይጋጫሉ? የተመዘገበው ይታያል፣ ያልተመዘገበው ይሞታል። ምኑ ነው ያልገባህ?»

እውነትም ግልጽ ነበር። ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ቁጥር፣ በአንድ ማኅተም ወጡ። ጽሕፈቴ ደግሞ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። አንድ ሰው ሊያስመዘግብ ግን ብቅ አላለም።

ለምን ቢባል፣ በእኛ አገር ውሻ አለኝ ብሎ በአፉ የሚናገር የለም። ውሻ ሰው የነከሰ እንደሆነ ዳኛ ፊት የሚቆመው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ውሻ ሁሉ «ከደጅ የሚያድር» ነው እንጂ የማንም አይደለም። ይህ አልበቃ ብሎ መዝገብ የሚባል ነገር መጣ። ሰዉ መሬቱ ሊለካ ነው፣ ከብቱ ሊቆጠር ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው ሲባል ከርሞ መዝገብ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር በሩን የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። በሬውን ያላስቆጠረ ውሻውን ሊያስቆጥር ነው? እኔ ብልህ ነኝ ባዩ የፎቶግራፉን ሪባን ሳልም፣ አገሬ ማን እንደሆነ ረስቼው ነበር።

እሺ አይመጡ፣ እኔ እሄዳለሁ አልሁና መዝገቤን በብብቴ ይዤ በማንኩሳ በኩል ወጣሁ። አንድ ገበሬ ደጁ ላይ አገኘሁ። ከኋላው ጥጃ የሚያህል ጥቁር ውሻ ሊበላኝ ይዘላል።

«ጌታው፣ ውሻዎን ልመዘግብ መጥቼ ነበር።»

«ውሻ? ውሻ የለኝም።»

«ይህ የሚጮኸውስ?»

«ይህ? እንዲሁ የሚመጣ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመጣው?»

«ከተወለደ ጀምሮ።»

ምን ይባላል! ቤት ለቤት ዞርሁ። አንዱ የጎረቤቴ ነው ይላል፤ ጎረቤቱ ዘንድ ስሄድ የዚያኛው ነው ይላል። እንዲያው ሳየው በዚያ ሁሉ አገር አንድም ውሻ የለም፤ ጩኸቱ ብቻ ነው ያለው። በከተማው በኩል ደግሞ መርዙ ሥራ ጀምሯል። ጧት ደብዳቤውን ለየሰፈሩ አባዛለሁ፣ በምሳ ሰዓት እየሮጥሁ ያገኘሁትን ውሻ በተከራየሁት ክፍል እቆልፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ «የተወገዱ ውሾች» የሚል ሪፖርት እጽፋለሁ። ስድስት ውሻ አልጋዬን ወርሶኝ እኔ ወንበር ላይ አደርሁ። ሁሉንም ግን ማዳን አልቻልሁም። በየቦዩ ተጋድመው ያየኋቸውን አሁን መቁጠር አልወድም።

እንግዲህ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ነው ባልቴቲቱን ያገኘኋቸው። ከማንኩሳ ወዲህ፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፣ ያላቸው አንዲት ቁራጭ የበቆሎ ማሳ ናት። ከማሳዋ ሥር ያለው ገደል የዝንጀሮ አገር ነው። ዓይኔ እያየ መንጋው ከገደሉ ወጣ፤ አንድ ቡላ ውሻ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ከበቆሎው መሐል ብድግ አለ። አይጮህም። ዝም ብሎ ወደ ትልቁ ዝንጀሮ ሄደ። ትልቁ ዝንጀሮ የያዘውን እሸት ጣለና ተመለሰ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ውሻው የወደቀውን እሸት አሽትቶ ከጎኑ ቁጭ አለ። እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃለሁ! የፈረንጁ ውሻ ይህን ቢያይ ኖሮ ሪባኑን ራሱ ፈትቶ ይሰጠው ነበር።

የውሻውን ስም አልነግራችሁም። ባልቴቲቱ ጎረቤታቸውን በነገር ለመንካት ያወጡለት ስም ነው፤ የጎረቤታቸው ልጆች ደግሞ ዛሬም አሉ።

«እትዬ፣ ይህን ውሻ ፍኖተ ሰላም ያምጡልኝ። ሹማምንቱ ይዩት» አልኋቸው።

«አይ አንተ የመምሬ ልጅ! እሱ ከሞተብኝ እኮ በቆሎው የዝንጀሮ ነው፤ እኔም የጎረቤት ደጅ ጠኚ ነኝ።»

«ማን ይነካዋል? ቀይ ክር አሥርለታለሁ። እኔ አለሁ አይደል!»

«በስሜ እንዳትጽፈው ታዲያ። ማርያምን በል።»

«ማርያምን፣ በስምዎ አልጽፈውም።»

አልጻፍሁትም። መዝገቡ ላይ፣ መልክ፦ ቡላ። ሥራ፦ ዝንጀሮ ማባረር። ባለቤት፦... እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። የራሴን ስም ልጽፍ አሰብሁ። ወዲያው አለቃዬ ስቆ ስቆ ሲሞት ታየኝ። ደግሞም አባቴ ቢሰሙስ? ልጅህ የውሻ ባለቤት ሆነና በመንግሥት መዝገብ ተጻፈ ቢሏቸውስ? በኋላ እሞላዋለሁ አልሁና ባዶ ተውሁት።

ትርኢቱ ከመስቀል በኋላ፣ በጽጌ፣ አንድ ቅዳሜ ዋለ። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ ሣር ተጎዝጉዟል። በሬው ቀንዱ ቅቤ ተቀብቶ፣ በቅሎዋ ተሸልማ፣ ዶሮዎቹ በጎጆአቸው እየጮኹ ተሰልፈዋል። በሜዳው ጥግ መሥሪያ ቤታችን ለናሙና የዘራት የበቆሎ መደብ አለች። ባልቴቲቱ ከንጋት ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል፤ ውሻውን ከበቆሎው አጠገብ አሰሩት፣ የሰጠኋቸውን ቀይ ክርም አደረጉለት። ከውሻ ወገን የቀረበው እሱ ብቻ ነበር። አባቴም አሉ። ትርኢቱን በጸሎት እንዲከፍቱ ከካህናቱ ጋር ተጠርተው፣ በማግሥቱ የጽጌን እሑድ የሚቀድሱ ስለሆነ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው መጥተዋል። ከውሻው በኩል ራቅ ብለው ነው የቆሙት። እኔም ከውሻው ራቅ ብዬ ቆምሁ፣ አባቴ እንዳይጠረጥሩኝ።

እንግዳው መጡ። ጸሎት ተደረገ፣ አለቃዬ ረጅም ንግግር አነበበ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ርዝመቱ ግን የራሱ ነው። በሬው ታየ፣ በቅሎዋ ታየች። ወደ ውሻው ሲጠጉ ትዕቢቴ መጣብኝ። ታስሮ የተኛ ውሻ ምኑ ይታያል? የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ በጥቅሻ ጠራሁና ገመዱን አስፈታሁት። በእጄ አልነካሁትም።

ይህን ጊዜ አለቃዬ ለእንግዳው ክብር ብሎ «እስቲ የምርጥ ዘራችንን እሸት ይቅመሱልን» አለና ሰተት ብሎ በቆሎው ውስጥ ገባ። አንድ እሸት ቀጨ አድርጎ ቀነጠሰ።

ውሻው ብድግ አለ። አልጮኸም። ዝም ብሎ ወደ አለቃዬ ሄደ።

ከዚያ ያየሁትን በሕይወቴ አልረሳውም። ባቱን ያዘው። አለቃዬ እሸቱን እንደታቀፈ በጭቃው ላይ ተዘረጋ፣ «ኧረ የሰው ያለህ!» አለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ውሻው አይቀድደውም፣ አይለቀውም፤ የሚጠብቀው እሸቱን እንዲጥል ነው። ይህን የማውቀው እኔና ባልቴቲቱ ብቻ ነን። እርሳቸው «ጣሉት ጌታዬ! እሸቱን ይጣሉት!» ብለው ጮኹ። ጣለው። ውሻው ወዲያው ለቀቀውና እሸቱን አሽትቶ ከጎኑ ቁጭ አለ። ሥራውን ጨርሷል። በዚያ ትርኢት ላይ ሥራውን በትክክል የሠራ ፍጥረት ቢኖር እሱ ነው።

አለቃዬ ተነሣ። ሱሪው ተቀድዷል፣ ባቱ ደምቷል። «ይህ ውሻ የማን ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ባልቴቲቱ ዞረ። እርሳቸውም መሬት መሬት እያዩ፣ ድምፃቸው ሳይሰማ «እኔ እንጃ ጌታዬ... ተከትሎኝ መጥቶ ይሆናል» አሉ። የመንግሥት ሹም ነው የተነከሰው፤ ምን ይበሉ?

አለቃዬ ወደኔ ዞረ። «አንተ አይደለህ ያመጣኸው? የማን ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«አንተ ነህ እንዴ ባለቤቱ?»

«ኧረ እኔ ውሻ የለኝም።» ስድስት ውሻ አልጋዬ ላይ እኮ ነው ያለው!

መዝገቡን ከእጄ መንጭቆ አየው። የባለቤት ስም፣ ባዶ። «ይህን ውሻ ታውቀዋለህ አታውቀውም?»

«አላውቀውም።»

ሦስት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የቄስ ልጅ ስለሆንሁ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ግን የትርኢቱ አውራ ዶሮዎች ከጧት ጀምሮ ሲጮኹ ስለዋሉ የትኛው ለኔ እንደጮኸ መለየት አልቻልሁም።

«ባለቤት ከሌለው ደብዳቤው ግልጽ ነው» አለ አለቃዬ። ዘበኛውን ጠራና ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወስዶ እንዲተኩስበት አዘዘው፤ እንግዳ ፊት መተኮስ ነውር ነውና። ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ውሻው እኔን እኔን ያያል። በእመቤቴ፣ አንዲት ቃል ነበረች የምትቀረኝ፤ «የኔ ነው» ማለት። አላልኋትም።

«ቆይ» አሉ አባቴ።

ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በጭቃው መሐል መጡ። «ባለቤት የለውም ነው የምትሉ?»

«የለውም መምሬ» አለ አለቃዬ።

«ማንም የኔ ነው አላለም?»

«ማንም።»

«እንግዲያስ እኔ ወሰድሁት። ከአሁን ጀምሮ የኔ ነው። ለነከሰውም እኔ እጠየቃለሁ።» ወደኔ ዞሩ። «ጻፍ።»

«አባ...»

«ጻፍ አልሁህ። ጸሐፊ አይደለህም?»

ጻፍሁ። ባለቤት ከሚለው ሥር የገዛ አባቴን ስም፣ ከፊቱ «ቄስ» ብዬ፣ ባማረው ጽሕፈቴ ጻፍሁ። አባቴ ነጠላቸውን አወረዱና በውሻው አንገት አዞሩት። በሕይወታቸው ውሻ ይዘው አያውቁምና አያያዙ ጠፋባቸው። ውሻው ጭቃ በጭቃ እግሩን ደረታቸው ላይ ሰቅሎ እጃቸውን ላሰ። መስቀል የያዙበትን እጅ። ዓይናቸውን ጨፈኑ እንጂ አልገፉትም።

እንግዳው ሳቁ፤ «መምሬ፣ ዘበኛዎ ጎበዝ ነው!» አሉ። እርሳቸው ሲስቁ አለቃዬም ባቱን ይዞ ሳቀ፣ እሱ ሲስቅ ምክትሉ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሕዝቡ። እንደየማዕረጋችን ሳቅን። ሽልማቱን የአለቃዬ አማች በሬ ወሰደ።

ትርኢቱ ሲያበቃ አባቴ ውሻውን እየሳቡ ባልቴቲቱን እስከ ማንኩሳ መንገድ ሸኟቸው። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። መለያያው ላይ ነጠላውን ከነውሻው ሰጧቸው። «ውሻዬን አደራ እመይቴ። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ። ማንም ቢጠይቅዎ የቄሱ ነው ይበሉ።» ባልቴቲቱ እግራቸው ላይ ወደቁ። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም፤ ምን ብለው ይዩኝ?

ስንመለስ አላስችል አለኝ። «አባ፣ እርስዎ እኮ ውሻ አይወዱም።»

«አልወድም» አሉ።

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ ትወዳለህ ብዬ ነበር። ስትክድ ሰማሁህ።»

የአውራጃው የውሻ መዝገብ አንድ ስም ብቻ ይዞ ተዘጋ። በዚያ ሁሉ አገር ውሻ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቄስ ነው ተብሎ ሪፖርት ተላከ። ጻፍሁት።

በማግሥቱ እሑድ ደብሩ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ልገባ ስል አባቴን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ አየኋቸው። በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት ከማይፈቀድላቸው የሰፈር ውሾች መሐል ቆመዋል። አንዲት ሴት «ምነው መምሬ፣ ዛሬ አይቀድሱም እንዴ?» ስትላቸው ሰማሁ።

«ዛሬ እኔ ከውጭ ነኝ» አሏት።

እኔን ያን ቅዳሜ በትርኢቱ ሜዳ ውሻ አልነካኝም ነበር። ልብሴ ንጹሕ ነው። ከውስጥ ገብቼ አስቀደስሁ።